ያልተሸጠው ካሴት የማን ነው?

በዚህ ክረምት ስለ ስርጭት መስመር በምንማርበት ኮርስ መምህራችን ካደሉን የንባብ ወረቀቶች አንዱ ማስተርትሮኒክ ስለሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ነበር። የዲፓርትመንታችን የክረምት ተማሪዎች አብዛኞቻችን ከጎሬ፣ ከበደሌ፣ ከያዮ፣ ከሁሩሙና ከዚሁ ከመቱ የተሰባሰብን፣ ሥራ ላይ ቆይተን ወደ ደብተር የተመለስን ሰዎች ነን። ስለዚህ ወረቀቱ ሲታደል «ደግሞ የእንግሊዝ ድርጅት ለቡና አገር ሰው ምን ይጠቅማል?» ያለ አልጠፋም። እኔ ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ድርጅቱ የሚሸጠው የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ጌሙን የሚሸጠው ግን በካሴት ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ቤታቸው የሚገዟቸው ትናንሽ ኮምፒውተሮች ከቴፕ ጋር ተገናኝተው ጌሙን ከካሴት ላይ ያነቡ ነበር። ካሴቱም ሌላ አይደለም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው፣ እኛ ጥላሁንንና አሊ ቢራን የሰማንበት፣ ክሩ ሲወጣ በቢክ እስክሪብቶ የምናጠነጥነው ያው ካሴት ነው።

እኔ የካሴት ነጋዴ ልጅ ነኝ። ወረቀቱን ለፈተና ብቻ አንብቤ ልተወው ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ድርጅቱ ባጭሩ ልበል። ማስተርትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1983 ለንደን ውስጥ ተቋቋመ። መሥራቾቹ ቀድሞ በቪዲዮ ካሴት ማከፋፈል ሥራ ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሌሎች ከ5 እስከ 10 ፓውንድ ይሸጡት የነበረውን ዓይነት ጌም በ1 ፓውንድ ከ99 ፔንስ አወጡት። ዋጋው ብቻ አይደለም ነገሩ። ጌሙን የሰደሩት ጌም ሻጭ ባልሆኑ ሱቆች ውስጥ ነው፤ ጋዜጣና ከረሜላ በሚሸጥበት፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሳይቀር። ልጁ ጋዜጣ ሊገዛ ተልኮ በመልሱ ጌም ይዞ ይገባል። በዚህ ዋጋ ደግሞ የጓደኛን ካሴት ተውሶ ከመቅዳት ገዝቶ መገላገል ይቀላል። ኋላ ድርጅቱ ከቨርጂን ጋር ተቀላቀለ፣ የሴጋን ጌም ማጫወቻ በእንግሊዝ ማከፋፈል ያዘ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሴጋ ራሱ ገዛው። ታሪኩ ይሄው ነው።

እንግዲህ ወደ እኛው ካሴት ልምጣ።

አባቴ የጎሬ ሰው ናቸው። ጎሬ ዛሬ ከመቱ አጠገብ ያለች ጸጥ ያለች ከተማ ትምሰል እንጂ የኢሉባቦር ዋና ከተማ የነበረችው እሷ ናት፤ ጠላት አዲስ አበባ ሲገባም እ.ኤ.አ. በ1936 የአገሪቱ መንግሥት የቀረው ክፍል የተቀመጠው እዚያ ነበር። አባቴ ሙዚቃን የሰሙት በዚችው ጎሬ፣ የሸክላ ማጫወቻ ባለው አንድ ሆቴል በር ላይ ቆመው ነው። ገብቶ ለመቀመጥ ሻይ መግዛት ያስፈልግ ነበርና እሳቸውና ጓደኞቻቸው በሩ ላይ ይቆማሉ። ያን ጊዜ ከሚሰሙት ሸክላዎች ብዙዎቹ የአምሃ ሪከርድስ ነበሩ።

ስለ አምሃ እሸቴ የማያውቅ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ካለ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በኮርሳችን ቋንቋ ስናየው የአገራችን የመጀመሪያው ደፋር አሳታሚ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትም ሆነ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ በሃያዎቹ ዕድሜው የሐራምቤ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ሆኖ ሳለ ይህን ድንጋጌ ችላ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀረጸ፤ ሸክላውንም ህንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ እሱም ወደ አሜሪካ ሄደ። ከአምሃ ቀጥሎ አሊ አብደላ ካይፋ፣ ሰዉ አሊ ታንጎ የሚለው፣ በካይፋ ሪከርድስ ሥራውን ቀጠለ። የማህሙድ አህመድን «እረ መላ መላ» ያወጣው እሱ ነው።

ሸክላ ግን የገጠሩን ቤት አያውቀውም ነበር። መብራት ይፈልጋል፣ ዋጋውም ጫን ያለ ነው፣ መርፌው ያልቃል። ካሴት ሲመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ቡና ለቃሚው ቴፑን ከቡናው ዛፍ ሥር አስቀምጦ እየሰማ ይለቅማል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ዘፋኙ እንደገና ማዝገም ይጀምራል። አሳታሚውም ቦታውን ለወጠ፤ የሸክላ ፋብሪካ ፍለጋ ህንድ መሄድ ቀረና ፒያሳና መርካቶ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ራሳቸው አስቀራጭ፣ አባዥና አከፋፋይ ሆኑ። አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ታንጎ የሚሉትን ስሞች በካሴት ሽፋን ላይ ያላነበበ የእኛ ዘመን ልጅ የለም። ድምፃዊው ማህሙድ አህመድም ፒያሳ ላይ የራሱ ሙዚቃ ቤት ነበረው።

አባቴ ካሴት ቤታቸውን መጀመሪያ ጎሬ ከፈቱ፤ በ1993 ዓ.ም. ወደ መቱ፣ ወደ መናኸሪያው አካባቢ አዛወሩት። እኔ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሥራዬ ካሴቶቹን አቧራ ማራገፍና የሽፋኖቹን ስም ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር፤ ማንበብ የለመድኩት በዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አማርኛውም ኦሮምኛውም አንድ መደርደሪያ ላይ ነበር። አባቴ በቋንቋ ሳይሆን በሚሸጥና በማይሸጥ ነበር የሚለዩት፤ የሚሸጠው ከፊት፣ የማይሸጠው ከኋላ። ከኋላ ያለው መደርደሪያ ከዓመት ዓመት እየረዘመ መጣ።

እዚህ ላይ የጽሑፌን ዋና ነገር ልናገር። ስለ ኮፒ ካሴት ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያነሳው ዋጋውን ነው፤ ኦሪጅናሉ 12 ብር ሲሆን ኮፒው 7 ብር፣ ስለዚህ ሰው ኮፒውን ገዛ ይባላል። የአባቴን ደብተር ሳገላብጥ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። አባቴን የጣላቸው የ5 ብሩ ልዩነት አይደለም። የጣላቸው ያልተሸጠው ካሴት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አዲስ ካሴት ሲወጣ አባቴ ገንዘብ ያሰባስቡና አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ወይም ለሚያምኑት የአውቶቡስ ረዳት ገንዘቡን ይሰጣሉ። መንገዱ ያን ጊዜ ሁለት ቀን ነው፤ ነቀምት ወይም ጅማ ታድሮ። ዕቃው የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው። ያልተሸጠ አይመለስም። ስለዚህ አንድ ካሴት መቱ ላይ ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለውን ቁማር የሚጫወቱት አባቴ ብቻ ናቸው። አሳታሚው ካርቶኑን ሲያስረክብ ገንዘቡን ተቀብሎ ጨርሷል። ደንበኛው ካልወደደው አይገዛም። መሐል ላይ የቀረው ሻጩ ነው።

ኮፒ አድራጊውስ? እሱ የሚያስፈልገው አንድ ካሴት ነው። ያችም አንድ ካሴት የምትመጣው የአባቴ ካርቶን በተጫነበት በዚያው አውቶቡስ፣ በአንዱ ተማሪ ኪስ ውስጥ ነው። «ኮፒው ቀድሞ ይደርሳል» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ አብረው ነው የሚደርሱት። ልዩነቱ አባቴ ካርቶን የሚሞላ ገንዘብ እስኪያገኙ ሳምንትና ሁለት ሳምንት መዘግየታቸው ነው። ኮፒ አድራጊው ባለ ሁለት ካሴት ዴክ ላይ ባዶውን ያስገባል፣ ፈጣን መቅጃውን ይጫናል። የአንድ ሰዓት ካሴት በእጥፍ ፍጥነት በግማሽ ሰዓት ይቀዳል። ሦስት ዴክ ያለው ሰው ከማታ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ቢሠራ 72 ካሴት ያወጣል። ዋናው ነገር ግን ብዛቱ አይደለም። ሰው ሲጠይቀው ይቀዳል፣ ካልጠየቀው አይቀዳም። ዘፈኑ ካልተወደደ በዚያው ካሴት ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ኋላ መደርደሪያ የሚባል ነገር የለውም!

በእኛ አገር ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፤ እሱም የቡናው ወቅት ነው። በኢሉባቦር ገንዘብ የሚታየው ቡና ሲለቀም፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሰው ልብስ ይገዛል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ይድራል፣ ቴፕም ይገዛል። ታላላቆቹ ካሴቶች የሚወጡት ግን ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ነው። ፋሲካ ሲደርስ የእኛ ገበሬ ኪስ መሳሳት ጀምሯል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ገና ያልተለቀመ ቡናውን ተስፋ አድርጎ ከነጋዴ የሚበደርበት ጊዜ ነው፤ ዝናቡም አይጣል ነው። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ ሲያቅድ የሚያየው የአዲስ አበባን ደመወዝተኛ ነው። አባቴ አዲሱን ካሴት የሚገዙት ሰዉ ገንዘብ በሌለው ጊዜ ሆኖ፣ ሰዉ ገንዘብ ሲያገኝ ካሴቱ አርጅቷል። በደብተራቸው ላይ ለ1996 ዓ.ም. ፋሲካ ካመጧቸው 60 ተመሳሳይ ካሴቶች መስከረም ሲጠባ 37ቱ አልተሸጡም ነበር። ኅዳር ላይ ገዢው ሲመጣ የሚጠይቀው «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ነው።

እርጥበቱንስ ረስቼው። በመቱ ክረምት ካሴት ይሻግታል። ክሩ ላይ ነጭ ነገር ይወጣና ድምፁ እንደ ጉንፋን ይዘጋል። አባቴ ከሰል አያይዘው ክፍሉን ያሞቁ ነበር። ይሄ ወጪ ተብሎ በየትኛው የሒሳብ መዝገብ እንደሚገባ የአካውንቲንግ ዲፓርትመንት ጓደኞቻችን ይንገሩን።

በ1996 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። ከዚያ በፊት ጉዳዩ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ በጥቂት አንቀጾች ብቻ የተነካ ነበር፤ ድምፃውያንና አሳታሚዎችም ለዓመታት ሲጮኹ ኖረዋል። አባቴ የነጋሪት ጋዜጣውን ፎቶ ኮፒ አስመጥተው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። «አባባ፣ ይሄም እኮ ኮፒ ነው» ያለው ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ ስምንት ዓመቱ ነው። አባቴ ሳይስቁ «ሕግ ኮፒ ይደረጋል» ብለው መለሱለት። እውነትም አዋጁ ራሱ የሕግ ጽሑፎች የቅጂ መብት ጥበቃ እንደሌላቸው ይናገራል።

አዋጁ ጠንካራ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበረበት። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ሰው ለግል መጠቀሚያው አንድ ቅጂ ቢያደርግ ግን ይፈቅዳል። ታዲያ በመቱ ገበያ ይሄ የመጨረሻው ነገር ተለጥጦ የሁሉም መሸሸጊያ ሆነ። ማንኛውም ደንበኛ ካሴት ይዞ መጥቶ «ለግሌ ነው፣ ቅዳልኝ» ይላል፤ ቀጂውም «የሰው አገልግሎት ነው የምሰጠው» ይላል። በአዋጁ ሰሞን ጥቂት ዴኮች ከመደርደሪያ ወርደው ከመጋረጃ ጀርባ ገቡ። ከወራት በኋላ ተመለሱ።

እኔ አዋጁን አልነቅፍም። የዘፋኙ ላብ የዘፋኙ ነው። ነገር ግን አዋጅ አንድን ነገር መከልከል ይችላል እንጂ ካርቶን ተሸክሞ ጎሬ ድረስ አይሄድም። ከኮፒው የተሻለ የስርጭት መስመር እስካልተዘረጋ ድረስ ኮፒ አድራጊው የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረም። አንድ አሳታሚ እንኳ «ያልተሸጠውን መልሱ፣ ሌላ እንልካለን» ቢል፣ ወይም ያለፈውን ዓመት ካሴት ለኅዳር ገበያ በ6 ብር ቢያወርድ ኖሮ የአባቴ ደብተር ሌላ ይመስል ነበር። በእንግሊዝ ርካሽ አሳታሚዎች አንዱ መተዳደሪያቸው ይሄው ነው፤ ሌላው ዘንድ ጊዜው ያለፈበትን ሥራ በፈቃድ ወስዶ በርካሽ እንደገና ማውጣት። ኢኤምአይ የተባለው ትልቅ ሸክላ አሳታሚ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1965 ከመጽሐፍ አሳታሚው ከፖል ሃምሊን ጋር ሆኖ ሚዩዚክ ፎር ፕሌዠር የሚባል የርካሽ ሸክላ ድርጅት አቋቁሟል። የእኛ የድሮ ሸክላዎች በፈቃድ፣ በሥርዓት፣ ታሪካቸው ተጽፎ እንደገና የወጡት ግን የት ነው? ፓሪስ። ቡዳ ሙዚክ የተባለው አሳታሚ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ ሲዲ አወጣቸው። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። አባቴ ጎሬ ሆቴል በር ላይ ቆመው በነፃ የሰሙት ዘፈን ግን በአውሮፓ ሲዲ ዋጋ ወደ መቱ ሊመለስ አይችልም።

ስለ ቪዲዮ ቤቱም ጥቂት ልበል፣ የቤት መዝናኛ ሲባል እሱም አለና። በእርግጥ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሰው ቤት መዝናኛ ነበር፤ አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣ በ50 ሳንቲም። ቪኤችኤስ ሄዶ ቪሲዲ ሲመጣ የቻይና ማጫወቻዎች ዋጋ ወደቀና ነገሩ ሁሉ ከካሴቱ የባሰ ሆነ። አንድ ቪሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ አንድ ፊልም ሁለት ዲስክ ነው። ሁለተኛው ዲስክ የተጫረ እንደሆነ መጨረሻውን ሳናውቅ የቀረንባቸው የህንድ ፊልሞች ስንት ናቸው! ቀጥሎ አሥር ፊልም የታጨቀበት አንድ ዲቪዲ መጣ፣ ቀጥሎ የአማርኛ ትርጉም ፊልም። የአማርኛ ፊልም ሠሪዎቻችን በበኩላቸው ቪሲዲ ባወጡ ማግስት እንደሚቀዳባቸው ስለሚያውቁ ፊልማቸውን በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች አቆይተው ነበር የሚያወጡት። ሲኒማ ቤት ያልነበረው የመቱ ሰው ወይ ይጠብቅ ነበር፣ ወይ የተሰረቀውን ያይ ነበር።

በነገራችን ላይ መቱ ውስጥ ስሙ ከማንም ሰው አፍ የማይጠፋ አንድ የፊልም ተዋናይ አለ። ሆስፒታላችን በስሙ የሚጠራው ካርል፣ ማለትም ካርልሃይንዝ በም፣ ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት ከማቋቋሙ በፊት በአውሮፓ የታወቀ ተዋናይ ነበር። ከ1955 እስከ 1957 እ.ኤ.አ. በወጡት የሲሲ ፊልሞች ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ፒፒንግ ቶም በሚባል የእንግሊዝ ፊልም ላይ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ተጫውቷል። ባሳደጉን ቪዲዮ ቤቶች ሽዋዚነገርን በስሙና በጡንቻው ሳውቀው፣ ሕፃናት ማሳደጊያ የሠራልንን ሰው ፊልም አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነው ዲስኩን ይዞ የሚመጣው ነው።

አባቴ ካሴት ቤታቸውን በ2001 ዓ.ም. ዘጉ። ያን ጊዜ ካሴቱን የገደለው ኮፒ አድራጊም አልነበረም፤ እሱም አብሮ ሞቶ ነበር። 150 ያህል ዘፈን በአንድ ሲዲ የሚይዘው ኤምፒ3 መጣ፣ ከዚያ ፍላሽ፣ ከዚያ የሞባይል ሚሞሪ። ኋላ መደርደሪያ ላይ የነበሩት ካሴቶች በአራት ካርቶን ተጭነው ወደ ቤት ገቡ። በዱቤ የተወሰደባቸውን ዕቃ ዕዳ አባቴ ከፍለው እስኪጨርሱ ሁለት የቡና ዓመት ወሰደ።

ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን እንደጨረሰ እዚያው ሰፈር፣ ከአባቴ አሮጌ ሱቅ ሦስት በር ራቅ ብሎ ሙዚቃ መጫኛ ከፈተ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ካርድ ማንበቢያ፣ አንድ ስፒከር። ደንበኛው ስልኩን ይሰጣል፣ «የሠርግ ሙላልኝ» ይላል፣ ይሞላለታል። አባቴ በዚያ መንገድ ማለፍ አቆሙ። መናኸሪያ ለመሄድ በሆስፒታሉ በኩል ይዞሩ ነበር። ቤት ውስጥ የተባባሉትን አንዴ ብቻ ሰምቻለሁ።

«ያሳደግንህ በዚህ አይደለም» አሉት።

«አባባ፣ እርስዎ ሸጠው ያተረፉት ለማን ነው? ለዘፋኙ አንድ ሳንቲም ደርሶታል? አሳታሚው አንዴ ከፍሎት ጨርሷል።»

«ለዘፋኙ ምን እንደደረሰው እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው የገዛሁትን እንደሸጥኩ ነው።»

ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ይሄን የምለው ለማስታረቅ አይደለም። በካሴት ዘመን ድምፃዊው ካሴቱን ባንድ ጊዜ ክፍያ ለአሳታሚ መሸጡ የተለመደ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሺህ ይሸጥ መቶ ሺህ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ወንድሜ የሚሞላው ዘፈን ላይም ማንም አያገኝም። ያም ሆኖ ለእናቴ መድኃኒት የተገዛው፣ የእኔም የመጀመሪያ ዓመት የትምህርት ክፍያ የተከፈለው ከወንድሜ ሱቅ በወጣ ገንዘብ ነው። አባቴ ይህን ያውቃሉ። ተቀብለዋል፤ በሱቁ ፊት ግን አላለፉም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኤልያስ መልካን ጨምሮ የሙዚቃ ሰዎች የጀመሩት አውታር የተባለ መተግበሪያ ሲወጣ ወንድሜ ከሁሉም ቀድሞ ስልኩ ላይ ጫነው። ዘፈኑ በስልክ ሒሳብ ይገዛ ነበር። በኮርሳችን ዓይን ሳየው በዚህ ሥራ ላይ ያልተሸጠ ካሴት የሚባል ነገር የለም፤ አባቴን የጣላቸው ነገር ጠፋ ማለት ነው። ኔትወርክ የሌለበት የቡና ጫካ ውስጥ ላለ ደንበኛ ግን አሁንም ሚሞሪ የሚሞላለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ወንድሜ የሚተዳደረው በዚያ ነው።

አምና ጥር ላይ ወንድሜ ለአባቴ አንድ ነገር ጠየቀ። አራቱ ካርቶን ውስጥ ያሉት ካሴቶች፣ በተለይ የኦሮምኛዎቹ፣ በኢንተርኔትም የማይገኙ አሉባቸው፤ ሻጋታው ሳይጨርሳቸው ወደ ኮምፒውተር ልገልብጣቸው አለ። አባቴ ሦስት ቀን ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ እያንዳንዱ ካሴት ሽፋን ላይ ያለው አሳታሚ ተደውሎለት ፈቃድ ሳይሰጥ አንድም ዘፈን የማንም ስልክ ላይ እንዳይሞላ። ወንድሜ ተስማማ።

የሽፋኖቹ ስልክ ቁጥሮች ባለ ስድስት አሃዝ ናቸው። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ ቁጥሮች ሲለወጡ ከፊታቸው 011 እና አንድ ተጨማሪ አሃዝ ገብቷል፤ ያ አሃዝ ደግሞ እንደየአካባቢው ይለያያል። አባቴ የትኛው ሙዚቃ ቤት የት ሰፈር እንደነበረ ስለሚያስታውሱ እሳቸው ሰፈሩን ይናገራሉ፣ ወንድሜ አሃዙን እየገመተ ይደውላል። ይሄን የሚሠሩት ማታ ማታ ቤት ውስጥ ነው። እስካሁን 38 ካሴት ተገልብጧል። 19 ቁጥር ላይ ደውለዋል። አንዱ አሁን የጥርስ ክሊኒክ ነው፤ አንዷ ሴትዮ ደግሞ ባሏ ካሴት ይሸጥ እንደነበር ከዚህ ስልክ መስማቷ መሆኑን ተናገረች።

አንድ የቀድሞ አሳታሚ ብቻ ራሱ አነሳ። አባቴ የካሴቱን ስም ነግረው ፈቃድ ሲጠይቁት ጥቂት ዝም አለ። እሱ ጋ አንድም እንዳልቀረ፣ ማስተሩም እንደጠፋ ነገራቸው። ከዚያ «ጋሼ፣ ካላስቸገርኩ ለእኔም አንድ ኮፒ ይላኩልኝ» አለ። ወንድሜ በፍላሽ ገልብጦ በማግስቱ በአዲስ አበባው አውቶቡስ ላከለት። የመላኪያውን የከፈሉት አባቴ ናቸው።